ለጉልበት የሚፈተል ክር፦ ከአራት ኪሎ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት

ሥራው ተጀምሯል። የምንሞክረውን መጀመሪያ ላስቀምጠው፣ በኋላ ለሚያነብ ሰው መነሻ ይሆነዋል። ፖሊካፕሮላክቶን የሚባል ፖሊመር አለ፤ ባጭሩ ፒሲኤል እንለዋለን። እሱን በፈሳሽ እናሟማለን። ፈሳሹን በሲሪንጅ ገፍተን መርፌ ጫፍ ላይ እናደርሰዋለን፣ ከዚያ በከፍተኛ ቮልቴጅ እንጎትተዋለን። ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክር ይወጣል። ክሩ ብረት መቀበያ ላይ ተደራርቦ ነጭ ስስ ንጣፍ ይሠራል። ዘዴው ኤሌክትሮስፒኒንግ ይባላል። ንጣፉን የካርቲሌጅ ህዋሶች ገብተው እንዲኖሩበት እንፈልጋለን። ሕንፃ ሲሠራ እንደሚቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው፤ ሠራተኛው ይቆምበታል፣ ሥራው ሲያልቅ ይነሳል። ፒሲኤልም ሰውነት ውስጥ በዓመታት ቀስ እያለ ይፈርሳል። እንዲህ ያለውን ድጋፍ ባለሙያዎች ስካፎልድ ይሉታል።

ለምን ካርቲሌጅ? በአጥንት ጫፍ ላይ ያለው ነጭ፣ አንጸባራቂ ሽፋን ነው። ጉልበት ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አብዛኛው ውሃ ነው። የደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። ህዋሶቹ ከመጠኑ ጥቂት በመቶ ብቻ ናቸው። ቆዳ ሲቆረጥ ደም ይመጣል፣ ደሙ የሚጠግን ነገር ይዞ ይመጣል። ለካርቲሌጅ ግን የሚደርስለት የለም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ሀንተር ይህን በ1743 ጽፎታል፤ ካርቲሌጅ አንዴ ከጠፋ አይመለስም ብሎ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ አለ። በ1994 በስዊድን ጎተንበርግ ያሉ ሐኪሞች የ23 ሕሙማን ውጤት አሳተሙ። ከሕመምተኛው ከራሱ ጉልበት ጥቂት ካርቲሌጅ ወሰዱ፣ ህዋሱን ቤተ ሙከራ ውስጥ አበዙት፣ መልሰው የተጎዳው ቦታ ላይ አስገቡት። ህዋሱ ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ ነው የገባው። ከላይ ከአጥንት ሽፋን የተቆረጠ ቁራጭ ተሰፋበት። ከዚያ ጥያቄው "ህዋሱን ምን ላይ እናሳርፈው?" የሚል ሆነ። በ2003 እና በ2005 ዋን ጁ ሊ፣ ሮኪ ቱዋንና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ በኤሌክትሮስፒኒንግ የተሠራ የፒሲኤል ክር ላይ ሞከሩ። መጀመሪያ የካርቲሌጅ ህዋስ፣ ቀጥሎ ከሰው መቅኒ የተወሰደ ግንደ ህዋስ (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ የሚችል ህዋስ) አሳደጉበት። እኛ የምንከተለው የእነሱን መንገድ ነው።

አንድ የአጥንት ሐኪም አነጋገርን። "ጃን ሜዳ ኳስ ሲጫወት የተጎዳ ወጣት ይመጣል" አሉን። "አጥንቱ ደህና ነው። ካርቲሌጁ ላይ ግን ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ አለ። አሁን ደህና ሊራመድ ይችላል። ዕድሜው ሲገፋ ግን መገጣጠሚያው በሙሉ ይበላል። ይሄን ልጅ ዛሬ ምን ላድርግለት?" ጥያቄያቸውን ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። የኛ ሥራ ገና ጠረጴዛ ላይ ያለ ነው፣ ወደ ሰው የሚገባ ነገር አንሠራም። ግን ለማን እንደምንሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኅዳር

መሣሪያውን በዶላር ማስመጣት አይታሰብም። እየሠራነው ነው።

ከፍተኛ ቮልቴጁ ከአሮጌ ቲቪ ነው የመጣው። ድሮ ወፍራም የነበሩት ቲቪዎች ውስጥ ፍላይባክ የሚባል ትራንስፎርመር አለ። ከ20 ኪሎቮልት በላይ ይሰጣል፤ ዳዮዱም እዚያው ውስጡ ስላለ የሚወጣው ቀጥታ ከረንት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልገን አገኘን። የገጠሙልን ዕድሜያቸውን በሙሉ ቲቪ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። "ልጆች፣ ይሄ ነገር ከጠፋ በኋላም ይመታል" አሉን። "አጥፍታችሁ ወዲያው እጃችሁን አትስደዱ።"

"እሺ ጋሼ" ብለን ምክራቸውን መሣሪያው ላይ ገነባነው። ሁሉም ነገር ፕሌክሲግላስ ሳጥን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት ኃይሉ ይቋረጣል። ከጎኑ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ከኧርዝ ጋር የተገናኘ ሽቦ አለ። ማንም እጁን ከማስገባቱ በፊት መርፌውንም መቀበያውንም በዘንጉ ይነካል። ከረንቱ እንዳይበዛ በመስመሩ ላይ ትልልቅ ሬዚስተሮች ተደርድረዋል። ቮልቴጁን የምንለካው በ1 ጊጋ ኦም ሬዚስተር በኩል ነው፤ 20 ኪሎቮልት ሲሆን 20 ማይክሮ አምፒር ያልፋል፣ እሱን ተራ ሜትር ያነበዋል። ይህን ክፍል በዝርዝር የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ሌላ ሰው ሊሠራው ካሰበ በሩና ዘንጉ ሳይኖሩ አይጀምር።

ፓምፑ ቀላል ነው። ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር)፣ እሱን የሚያዝ አርዱዊኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ባለ ፊሌቶ ዘንግና ዳዶ። ዳዶው ሲሄድ የሲሪንጁን ገፊ ይገፋል። ስሌቱ እንዲህ ነው። የሲሪንጃችን የውስጥ ስፋት 14.5 ሚሊ ሜትር ነው። በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር እንዲወጣ ገፊው በሰዓት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ መሄድ አለበት። ኤም 8 ዘንግ አንዴ ሲዞር 1.25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሩ በሰዓት አምስት ጊዜ እንኳን አይሞላም። ሞተሩ አንድ ዙርን በ200 እርምጃ ነው የሚጨርሰው፤ እንዲያ ከሆነ በየእርምጃው 1 ማይክሮ ሊትር ያህል ይተፋል። ይህ ለክር ብዙ ነው፣ ፈሳሹ ይንጠባጠባል። እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ከፋፍለነው ነው የተስተካከለው።

መርፌው ፋርማሲ የሚሸጠው አረንጓዴ አንገት ያለው ባለ 21 ቁጥር ነው። ሹል ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ጠፍጣፋ አደረግነው። መቀበያውን አንድ ቶርኖ ቤት አሉሚኒየም ከበሮ አድርገው አወጡልን። በሞተር ይሽከረከራል፣ ላዩ ላይ ፎይል እንጠቀልላለን።

ታኅሣሥ

ጠዋት የአሲዱን ጠርሙስ ሳነሳ ውስጡ ያለው አይንቀሳቀስም። ረግቷል። ውሃ ያልተቀላቀለበት አሴቲክ አሲድ ከ16.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ጠጣር ይሆናል። የኛ ክፍል ደግሞ ግድግዳው ወፍራም፣ ፀሐይ የማያገኘው የድሮ ሕንፃ ውስጥ ነው። የታኅሣሥን ሌሊት ቅዝቃዜ እስከ ረፋድ ይዞ ይቆያል። ክዳኑን ላላ አድርገን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆምነው፣ ተመለሰ። ከእንግዲህ አሲዱ የሚቀመጠው ሞቅ ያለው ጓዳ ውስጥ ነው።

ስለ አሟሚው ትንሽ ልበል። ፒሲኤልን በጣም ቆንጆ አድርገው የሚያሟሙት ነገሮች ብዙ ጊዜ አደገኛ ናቸው። አንዳንዶቹ ውድም ናቸው። የፎርሚክና የአሴቲክ አሲድ ቅልቅል በአንጻሩ እዚሁ ይገኛል። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ጓንትና መነጽር የግድ ነው፣ ግን ከክሎሮፎርም ይሻላል። አንድ ጠባይ አለው። ፎርሚክ አሲድ የፒሲኤልን ረጅም ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ዛሬ የሚፈተለው ፈሳሽ ከጥቂት ቀን በኋላ ይቀጥናል፣ ክር አይሰጥም። ስለዚህ የዕለቱን በዕለቱ ነው። መብራት በመሐል ሲጠፋ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ፓምፑን ዩፒኤስ ይይዘዋል፣ ከፍተኛ ቮልቴጁን ግን ለረጅም ሰዓት አይችለውም። ያሟማነው ይባክናል።

የመጀመሪያው ክር ወጣ! በ10 በመቶ ፒሲኤል ስንሞክር ማይክሮስኮፕ ላይ የታየው ዶቃ የተሰካበት ክር ነበር። ፈሳሹ ሲቀጥን ሰንሰለቶቹ በደንብ አይተሳሰሩም፣ ክሩ በየቦታው ይሰበሰብና ዶቃ ይሆናል። ወደ 15 በመቶ ስናወፍረው ዶቃው ጠፋ።

ሂደቱን ማየት ራሱ ደስ ይላል። መርፌው ጫፍ ላይ ያለችው ጠብታ ቮልቴጁ ሲጨምር ትሾላለች። የኮን ቅርጽ ትይዛለች። ጄፍሪ ቴይለር በ1964 የዚህን ኮን ሒሳብ ሠርቶ ከመሐል መስመሩ እስከ ጎኑ 49.3 ዲግሪ መሆኑን አሳይቷል፤ ኮኑም በስሙ ይጠራል። ከኮኑ ጫፍ ቀጭን ፍሰት ይወጣል። ትንሽ ቀጥ ብሎ ይሄድና መገረፍ ይጀምራል። በዓይን ሲታይ ብዙ ክር የተበተነ ይመስላል። አንድ ክር ነው። ክሩ የተሸከመው ቻርጅ እርስ በርሱ እየተገፋ ያወዛውዘዋል፣ ሲወዛወዝ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይቀጥናል፣ አሟሚውም ይተናል። አንቶን ፎርምሃልስ በ1934 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነገር ዛሬ አራት ኪሎ አንዲት ሳጥን ውስጥ ሲሠራ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጥር

የዚህ ወር ማስታወሻ ረዘም ይላል። የሥራው ቁም ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከጽሑፎች ያገኘነውን ቁጥር እንዳለ ወሰድን። 20 ኪሎቮልት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር። ሳጥኑ ፉጨት አሰማ። መብራቱን ስናጠፋው መርፌው ዙሪያ ሐምራዊ ጭላንጭል አየን። ቀጥሎ ብልጭታ። ክሩ ተቆራረጠ። ሽቦ ፈተሽን፣ ኧርዙን ፈተሽን፣ ሁሉም ደህና ነው። ነገሩ መሣሪያው ጋ አልነበረም። አየሩ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ውሃ እንኳን እዚህ በ92 ዲግሪ ይፈላል። አየር ቮልቴጅን የሚከለክለው በጥግግቱ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ኤሌክትሮን ሞለኪውል ሳይገጨው ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፣ ፍጥነት ያገኛል፣ ሲገጭ ሌላ ኤሌክትሮን ያስወጣል። በባሕር ወለል ላይ አየር የሚሰበረው በሴንቲ ሜትር 30 ኪሎቮልት አካባቢ ነው። እዚህ ከዚያ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ሹል ነገር ጫፍ ላይ ደግሞ መስኩ ስለሚጠነክር ቀድሞ እዚያ ይጀምራል። ጽሑፎቹን የጻፉት ሰዎች ቁጥራቸው ለእነሱ ትክክል ነው። ለሌላ አየር የተጻፈ ነው እንጂ።

ስለዚህ የራሳችንን ቁጥር መፈለግ ነበረብን። ባልደረባዬ ሰንጠረዥ አወጣች። በአንድ ጎን ርቀት፣ በሌላው ቮልቴጅ። በሰንጠረዡ በየክፍሉ ውስጥ ክር፣ ጠብታ፣ ፉጨት ወይም ብልጭታ ብላ ትጽፋለች። የፕሌክሲግላስ ሳጥኑን ብሎኖች በሲሊኮን ሸፈንን። የከበሮውን ስለታም ጠርዝ ቶርኖ ቤቱ አጠጋጋልን። ፉጨቱ በጣም ቀነሰ። አሁን የምንሠራው በ14 ኪሎቮልት አካባቢ፣ በ16 ሴንቲ ሜትር፣ በሰዓት ከ0.5 ሚሊ ሊትር ባነሰ ፍሰት ነው። ከሳጥኑ አጠገብ ግፊት፣ ሙቀትና እርጥበት የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ሰቀልን። የማንኛውም ናሙና ወረቀት ሦስቱን ቁጥሮች መያዝ አለበት። ሳይጻፉ የቀሩበትን ናሙና ቁጥር አንሰጠውም።

የካቲት

ክሮቹ በጣም ያምራሉ። በብርሃን ማይክሮስኮፕ ስናያቸው ዶቃ የላቸውም፣ ወጥ ናቸው። ስፋታቸውን ኢሜጅጄ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ለካን፤ ብዙዎቹ ከ1 ማይክሮ ሜትር በታች ናቸው። ከ0.2 ማይክሮ ሜትር በታች የሆነውን የብርሃን ማይክሮስኮፕ ለይቶ አያሳይም፣ ለዚያ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተራ ይዘናል።

ግን ባልደረባዬ ምስሉን ስታይ አልተደሰተችም። "ህዋሱ በየት ይገባል?" አለች። ልክ ናት። የካርቲሌጅ ህዋስ ከ10 ማይክሮ ሜትር በላይ ስፋት አለው። በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። ክር በቀጠነ ቁጥር ክፍተቱም አብሮ ይጠባል። ህዋሱ ላይ ላዩን ይተኛል እንጂ ወደ ውስጥ አይወርድም። ስለ ናኖ ክር (እንዲህ በጣም ስለቀጠነ ክር) የተጻፈው ብዙው ነገር ቅጥነትን ያወድሳል። ህዋስ ቀጭን ክር መውደዱ እውነት ነው፤ በተፈጥሮ የሚያርፍበት ኮላጅን የሚባለው የሰውነት የፕሮቲን ክርም ቀጭን ነው። ነገር ግን ካርቲሌጅ ጥልቀት ያለው ነገር ነው። ላይ ብቻ የሚበቅል ህዋስ ያንን ቀዳዳ አይሞላም።

ባዶ ቦታውን በሚዛን እናሰላለን። 20 በ20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ይዘቱ 0.08 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ሚዛኑ 14 ሚሊ ግራም አለ። የፒሲኤል እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.145 ግራም ስለሆነ፣ ከንጣፉ 85 በመቶ ያህሉ ባዶ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ሆኖም ባዶነቱ በብዙ ጥቃቅን ክፍተት ተበትኗል፣ ለህዋስ በር አይሆንም። ስለዚህ የባዶነት በመቶኛ ብቻውን ሲቀርብ ብዙ አልተማመንበትም።

ወፍራም ክር ለማግኘት ወደ ክሎሮፎርምና ሜታኖል ሄድን፣ ሳንወደው። ሥራው በሙሉ ፊውም ሁድ (ጎጂ ትነትን ስቦ የሚያስወጣ ሳጥን) ውስጥ ነው። እዚህም አየሩ መጣ። ክሎሮፎርም በራሱ ቶሎ ይተናል፣ በሳሳ አየርና በደረቁ የበጋ ወራት ደግሞ ይብሳል። መርፌው ጫፍ ላይ ፈሳሹ ይደርቅና ይደፍነዋል። የፒሲኤሉን መጠን ዝቅ፣ ፍሰቱን ከፍ አደረግን። ክሩ አሁን 4 እና 5 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል።

መጋቢት

ክፍተት የምናሰፋበትን መንገድ እየፈለግን ነው። ሮበርት ማውክና ባልደረቦቹ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በ2008 ያሳተሙት ዘዴ ቆንጆ ነው። ከፒሲኤሉ ጎን በሌላ መርፌ ውሃ የሚያሟማው ፖሊመር ይፈተላል። ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በኋላ ውሃ ውስጥ ሲገባ አንዱ ሟሙቶ ይወጣል፣ ቦታውን ለህዋስ ይለቃል። ያ ፖሊመር ግን እጃችን ላይ የለም።

ጨው ግን አለ። ጨው ፈጭተን በሁለት ወንፊት መሐል ለየነው፤ ከ90 እስከ 150 ማይክሮ ሜትር የሆነውን ብቻ አስቀረን። ከበሮው እየዞረ፣ ክሩ እየተደራረበ፣ ጨውን ከላይ በትንሽ በትንሹ እንነሰንሳለን። ሲያልቅ ንጣፉን በተጣራ ውሃ ደጋግመን እናጥባለን። ጨው መውጣቱን የምናውቀው በሲልቨር ናይትሬት ነው። ከማጠቢያው ውሃ ላይ ጠብ ስናደርግበት ነጭ ደመና ከሠራ ክሎራይድ አለ ማለት ነው፤ ጥርት ብሎ ከቀረ ጨርሷል። ዘዴው ይሠራል። ችግሩ ጨው የበዛበት ቦታ ላይ ንጣፉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይለያያል። አሁን ጨው ያለበት ሽፋን ሠርተን፣ በመሐሉ ጨው የሌለበት አጭር ሽፋን እየጣልን ነው። እሱ ያያይዘዋል።

ሌላም ሞክረናል። ከበሮውን አውጥተን ጎድጓዳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የብረት መርፌዎች ሰካን። ክሩ መርፌዎቹ መሐል አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ የተነደፈ ጥጥ ይመስላል። በጣም ክፍት ነው። ቅርጽ ግን የለውም፣ በጣት ሲነካ ይጨማደዳል። ለጊዜው ወደ ጎን።

የበሬ ጉልበትም እየፈለግን ነው። ህዋሱን የምናወጣው ከዚያ ነው። ዐቢይ ጾም ስለገባ የምናውቃቸው ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው። አንዱ ጋ ገብተን ጠየቅን። "ጉልበቱን ሳትከፍቱት እንፈልጋለን ጋሼ፣ መገጣጠሚያው እንደተዘጋ። የዛሬ ጠዋት ዕርድ መሆን አለበት።"

"ለምንድነው?"

ነገርናቸው። ትንሽ አሰቡና "የእናቴ ጉልበት እንዲሁ ነው" አሉ። ከዚያ ጀምሮ ለኛ የሚሆነውን ለይተው ያስቀምጡልናል።

ሚያዝያ

ህዋስ ወጣ። መገጣጠሚያውን በንጹሕ ሁድ ውስጥ ከፍተን ካርቲሌጁን በስለት በስሱ ላጥነው። ቁራጮቹ ኮላጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም ውስጥ በ37 ዲግሪ ሌሊቱን አደሩ። ጠዋት አጣርተን ህዋሱን አገኘን። ይህን የምንሠራው ኢንኩቤተር (ለህዋስ የሚሆን ሙቀትና ጋዝ የሚጠብቅ ሳጥን) ያለው ሌላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ተባብረውናል።

አየሩ እዚህም አለ። ህዋሱ የሚያድግበት ፈሳሽ አሲድነቱን የሚጠብቀው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መመሪያው ሁሉ 5 በመቶ ይላል። ለፈሳሹ ዋናው ግን በመቶኛው ሳይሆን የጋዙ ግፊት ነው። የ77 ኪሎ ፓስካል 5 በመቶ፣ የ101 ኪሎ ፓስካል 5 በመቶ አይሆንም። ፈሳሹ ቀዩን ትቶ ወደ ሮዝ ሲሄድ ያየነው ለዚህ ነው፤ አልካላይን እየሆነ ነበር። በስሌት ወደ 6.5 በመቶ አካባቢ ማድረግ ያስፈልጋል። አደረግነው፣ ቀለሙ ተመለሰ። ኦክስጅን ማነሱ አያሳስበኝም። ካርቲሌጅ በተፈጥሮው ኦክስጅን በጣም በሚያንስበት ቦታ ነው የሚኖረው።

ንጣፉን ከጀርም ማጽዳት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፒሲኤል በ60 ዲግሪ ይቀልጣል። በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው የአውቶክሌቭ 121 ዲግሪ ውስጥ ከገባ ያለቀለት ነው። ስለዚህ 70 በመቶ አልኮል ነው፣ ከዚያ በንጹሕ ፈሳሽ ማጠብ። አልኮሉ ሌላም ጥቅም አለው። ፒሲኤል ውሃ አይወድም፣ ጠብታ ላዩ ላይ ተድቦልቡላ ትቀመጣለች። በአልኮል ከረጠበ በኋላ ግን ሳይደርቅ በውሃ ሲተካ ፈሳሹ ውስጡ ይገባል።

ግንቦት

ቁርጥራጮቹ ተቀልመው መጡ። በጎን የተቆረጡ ናቸው፣ ጥልቀቱ ይታያል።

በቀጭኑ ክር ላይ ህዋሶቹ እንደጠረጠርነው ላይ ተደርድረዋል። ውስጡ ባዶ ነው። በወፍራሙና ጨው በተነሰነሰበት ግን ህዋሶቹ ወርደዋል! እስከ መሐል ድረስ ኒውክለሳቸው ይታያል። ባልደረባዬ ምስሉን ደጋግማ አጉልታ አየችው። እኔም ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም። ሳፍራኒን ኦ የሚባለው ቀለም የካርቲሌጅን ስኳር አዘል ፕሮቲን ቀይ ያደርጋል። ቀዩ ገና ፈዛዛ ነው፣ በየህዋሱ ዙሪያ ብቻ ነው። ግን አለ።

አንድ ነገር ለሚከተለን ሰው ልጻፍ። የካርቲሌጅ ህዋስ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ሲበዛ ማንነቱን ይረሳል። ክብ የነበረው ይዘረጋል፣ የካርቲሌጅ የሆነውን ዓይነት 2 ኮላጅን መሥራት ትቶ ዓይነት 1 ይሠራል። ይህ በ1982 በቤንያና ሻፈር ሥራ የታየ ነው፤ እነሱ አጋሮዝ ወደሚባል ለስላሳ ጄል ሲያስገቡት ጠባዩም ተመለሰ። ስለዚህ ህዋሱን ሳናበዛው፣ ገና ትኩስ እያለ ነው ንጣፉ ላይ የምንጨምረው። ብዙ ህዋስ ይጠይቃል፣ ግን ያዋጣል። ቫይታሚን ሲም አይረሳ፤ ያለሱ ህዋሱ ኮላጅኑን በትክክል አያዋቅርም።

ሰኔ

ዝናቡ ገባ፣ ክሩም ተለወጠ። በጥር በደንብ የሚሠራው ቁጥር አሁን እርጥብና የተጣበቀ ንጣፍ ይሰጣል። የእርጥበት መለኪያው ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ይወጣል። ውሃ በአየሩ ውስጥ ሲበዛ የአሲዱ ትነት ይዘገያል። በክሎሮፎርሙ ክር ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ፤ አሟሚው ሲተን ክሩን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱም ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ጉድጓዱ ለህዋስ መያዣ ሊጠቅም ይችላል፣ ለብቻው የሚጠና ነገር ነው። አሁን ግን ወጥነት ነው የምንፈልገው። ሲሊካ ጄል ሳጥኑ ውስጥ አስገባን። ፈተላውንም ከሰዓት በኋላው ዝናብ በፊት ጠዋት ላይ አደረግነው። አንድ የክረምት፣ አንድ የበጋ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ አለ።

ሐኪሙ መጥተው ንጣፉን አዩት። በጣታቸው ሳቡት። "ሲሳብ ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። "ጉልበት ግን ይሄን ነው የሚያደርገው።" ስንራመድ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ከክብደታችን 2 እና 3 እጥፍ ነው። ጤናማ ካርቲሌጅ ለመጨመቅ ያለው ጥንካሬ ከ0.5 እስከ 1 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው። የኛን እርጥብ ቁራጭ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር አድርገን 1 ኪሎ ስንጭንበት ጠፍጣፋ ይሆናል። እሱ ገና 0.1 ሜጋ ፓስካል ነው። ክር ሲሳብ እንጂ ሲጫኑት አይችልም። በተፈጥሮም ኮላጅኑ ብቻውን አይደለም የሚሸከመው፤ በመሐሉ የታሰረው ውሃ ነው ጫናውን የሚይዘው።

ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ክፍተቱን ውሃ በሚይዝ ነገር መሙላት ነው። አልጂኔት የሚባል ከባሕር አረም የሚገኝ ነገር አለን፣ በካልሲየም ይረጋል። ህዋሱን አልጂኔቱ ውስጥ ቀላቅለን ንጣፉ ውስጥ እናስገባለን፣ እዚያው እናረጋዋለን። ንጣፉን ደርበን ወደ 2 ሚሊ ሜትር እናደርሰዋለን። ላይኛው ሽፋን ላይ ከበሮውን አፍጥነን ክሩን ወደ አንድ አቅጣጫ እናሰልፋለን፤ የካርቲሌጅ ላይኛው ክፍል ኮላጅንም ከገጹ ጋር ትይዩ ነው የሚሄደው። ታችኛው ወደ አጥንቱ ቀጥ ብሎ የቆመ መሆን አለበት፣ ያንን በከበሮ ማድረግ አይቻልም። እሱን በምን እንደምንሠራ ከቶርኖ ቤቱ ሰው ጋር ሥዕል እያወጣን ነው። ሐምሌ ላይ አልጂኔቱን ያለ ህዋስ እንፈትሻለን፤ ከተጫነ በኋላ ስንት ደቂቃ ቅርጹን ይዞ እንደሚቆይ ብቻ።